የደወል ሌቦቹ መርከብ

የጌሙን ጆይስቲክ ያገኘሁት አልጋ ሥር ነው። ጣሪያው አፍስሶ አልጋውን ከግድግዳው ስናሸሽ፣ ከአሮጌ ጫማና ከተጠቀለለ ፌስታል መሃል ገመዱን ጎትቼ አወጣሁት። አቧራውን በቀሚሴ ጠረግሁት። አራቱ ቁልፎች እንደነበሩ አሉ፦ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። ፋብሪካ የቀባቸው እንዳይመስላችሁ። ቀዩ ከዳሩ ፈስሶ ደርቋል፤ አውራ ጣት ሲያርፍበት እንደ ጠባሳ ይጎረብጣል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ይሄን ያህል ዓመት ቆይቶ ሽታ ሊኖረው አይችልም። እኔን ግን አኳራጅ ሸተተኝ፤ ያ የቀለም ማቅጠኛ፣ ያን ክረምት ሳሎናችንን ሞልቶት የነበረው።

ያን ክረምት ሁሉም ነገር ተዘግቶ ነበር። የክረምት ትምህርት እንኳ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት ተዘግቷል፣ የባሕር ዳር መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። በከተማችን በፀዳ ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ "እንዴት ናችሁ" ይባባልና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ሰዉ ደክሞት ነበር። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ድካሜ ግን የትልቅ ሰው ነበር። ምንም ሳይሠሩ መዋል እንዴት እንደሚያዝል ያኔ ነው ያወቅሁት።

ታላቅ ወንድሜ ጌም ቤት ይሠራ ነበር፤ ልጆችን ተራ ማስያዝ፣ የተጣሉትን ማገላገል። ጌም ቤቱም ሲዘጋ ባለቤቱ "ማሽኑን እርጥበት እንዳይበላው ቤትህ ውሰደው፤ ስንከፍት ትመልሳለህ" አለው። ከዝናቡ ሊያድነው በፎጣ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችውና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። "የማን ልጅ ነው? አንተ! ተናገር፣ የማን ልጅ ነው?"

በዚያው ሰሞን አያ ከሐኪም ቤት ወጡ። አያ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። አንድ አሮጌ ግድግዳ ሲፍቁ ኖራ ግራ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። "ይለቀኛል" ብለው ሰነበቱ፤ አልለቀቃቸውም። ዓይናቸውን ሐኪም ቤት ትተውት መጡ። የሚያስታምማቸው ስላልነበረ አባቴ እኛ ቤት አመጣቸውና ሳሎን ተነጠፈላቸው። ፋሻቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ተኙ። እንዲያ እንደተኙ ቀናት አለፉ።

ሸራውም አብሯቸው መጣ። ማክሰኝት አጠገብ ላለ ደብር የጀመሩት ትልቅ የሰማዕታት ሥዕል ነበር፤ በእንጨት እንደተወጠረ ጥግ ላይ ፊቱን አዙረው አቆሙት። አንድ ቀን ወንድሜና እኔ ዞር አድርገን አየነው። ልብሱ አልቋል፣ እጁ አልቋል፣ የሰማዩ ቢጫ አልቋል። ዓይን ግን የለም። ከላይ የቆሙት ሰማዕታትም፣ ከታች ጦር የነቀነቁባቸው ወታደሮችም ዓይናቸው ባዶ ነበር። ቶሎ መለስነው። አያ ዓይን የሚያስገቡት መጨረሻ ላይ ነበር፤ "ዓይን ከገባለት በኋላ ያይሃል፣ እንደ ፈለግህ አትነካካውም" ይሉ ነበር ጤነኛ ሳሉ።

መንገድ በተከፈተ ቀን የደብሩ ቄሰ ገበዝ መጡ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ካህን ናቸው። ጫማቸው ጭቃ ነበር። ከአያ ራስጌ ተቀመጡ።

"ንግሡ ደረሰብን እኮ፣ አያ።"

"ሌላ ሠዓሊ ፈልጉ" አሉ አያ ለግድግዳው።

"የሌላ ሰው ዓይን አንቱ በሣሉት ፊት ላይ እንዴት ይገባል?"

"እንደ ምንም ይገባል።"

ቄሰ ገበዙ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ሲነሡ ግን "መስከረም ሲጠባ እመጣለሁ። አንቱ ካልሆነልዎ ያኔ ለሌላ እንሰጠዋለን፤ ሕዝቡ ጠብቋል" አሉ። ደጃፍ ድረስ የሸኘቻቸው እናቴ ተመልሳ "ምነው አያ፣ ምነው ጨከኑ?" ስትላቸው የመለሱላትን እስካሁን እሰማዋለሁ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፤ የዛለ ነበር።

"ዕድሜ ልኬን ኃጥኡን ባንድ ዓይን፣ ጻድቁን በሁለት ዓይን ስሥል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን እኔ በየትኛው በኩል ልቁም?"

ይሄ የአገራችን የሥዕል ሥርዓት ነው። እኔና ወንድሜ ፊደል ሳንቆጥር ነው ያወቅነው፤ አያ ትከሻቸው ላይ አድርገው ግድግዳ ለግድግዳ ሲያሳዩን። ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ የሚያያችሁ ቅዱስ ነው። በጎኑ ቆሞ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ከክፉዎቹ ወገን ነው። መጠየቅ አያስፈልግም።

ወደ ጌሙ ልመለስ። ማሽኑ ውስጥ የነበሩት ኳስና መኪና አልነበሩም፤ ባለቤቱ ደንበኛ ያጣበት አንድ ረጅም ታሪክ ያለው ጌም ብቻ ነበር። ባሕር ነው። በትንሽ ጀልባ ከደሴት ደሴት ትሄዳላችሁ፣ ሰው ታነጋግራላችሁ፣ ጓደኛ ታፈራላችሁ፣ መሣሪያ ትሰበስባላችሁ። የየደሴቱን ደወል ደግሞ የባሕር ሽፍቶች ይሰርቁታል። ጥቁር ሸራ ባለው መርከብ ይመጣሉ፣ መንደሩን ያቃጥላሉ፣ ደወሉን አውርደው ያቀልጡና መድፍ ይሠሩበታል። ደወሉ የተወሰደበት ደሴት በጭጋግ ይሸፈናል። እኔና ወንድሜ ባሕር አይተን አናውቅም፤ የምናውቀው ጣናን ነው፣ እሱንም ከእንፍራንዝ ማዶ ከሩቅ። ስለዚህ ባሕሩ ጣና ሆነ፣ ደሴቶቹም ገዳማት። ደወል መስረቅ እዚያ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እኔ ሽፍቶቹን ከልቤ ጠላኋቸው።

መብራት የሚመጣው ቀን ቀን ነበር። ከመጣ እናቴ የቲቪውን ዳንቴል ታነሣልናለች፤ "ድምፁን ቀንሱ፣ አያ ተኝተዋል" እያለች። አያ ግን አይተኙም ነበር። ወንድሜ እንግሊዝኛውን ይተረጉምልኛል፣ ያልገባውን ይዘላል። አንድ ቀን የሽፍቶቹ አለቃ መርከቡ አፍንጫ ላይ ቆሞ ረጅም ነገር ተናገረ። ጽሑፉ ስክሪኑን ሞልቶ አለፈ፣ እንደገና ሞልቶ አለፈ።

"ምን አለ?" አልኩት።

"'አጠፋችኋለሁ' አለ።"

ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ። "ያን ሁሉ ለፍልፎ 'አጠፋችኋለሁ' ብቻ?"

ወንድሜ ጆሮው ቀላ። እኔ ትራስ ነክሼ ሳቅሁ።

ሽፍቶቹ ብዙ አልነበሩም። በጥቁር ጨርቅ አንድ ዓይኑን የሸፈነው አለቃ ነበር። ሆዱ መድፉን የሚያክል ተኳሽ ነበር። ከበሮ መቺ ነበር፤ እሱ ሲመታ የኛ ጀልባ ፍጥነት ይቀንሳል። ደግሞ ወጥ ሠሪዋ ነበረች። ክብ ፊት፣ ትልልቅ ሁለት ዓይን፣ አፏ ፈገግ ያለ። ስትናገር ፊቷ ስክሪኑ ላይ ሙሉ ይመጣል፣ ልክ እንደ ቤተ መቅደስ ሥዕል ቀጥ ብላ ታየናለች። በስውር ዳቦ ትሰጠን ጀመር። "ከነዚህ አውሬዎች አድኑኝ" አለች፣ እንደ ወንድሜ ትርጉም። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀች፦ ያልተሰረቀው የመጨረሻው ደወል ያለበትን ደሴት ካርታ።

"አንሰጣትም" አለ ወንድሜ። "ሽፍታ ናት፤ ከሽፍታ መርከብ ነው የምትወርደው።"

"ሁለት ዓይን አላት! ከፊት ነው የተሣለችው! አታይም?"

"አንቺ ደግሞ፣ ጌም እኮ ነው።"

"አያን እንጠይቅ።" ወደ ፍራሹ ዞርኩ። "አያ፣ ከፊት የተሣለ፣ ሁለት ዓይን ያለው ሰው ክፉ ይሆናል?"

አያ አልዞሩም። "አይሆንም" አሉ።

ፍርዱ ተሰጠ። ካርታውን ሰጠናት። ወጥ ሠሪዋ ያው ፈገግታዋ ሳይጠፋ ፊሽካ ነፋች፤ ከጭጋጉ ውስጥ ጥቁሩ ሸራ ወጣ። ከበሮው መታ፣ መድፉ ጮኸ፣ ጀልባችን ተሰነጠቀች። የመጨረሻው ደወል ሲወርድ ድው... ብሎ አንዴ ብቻ ጮኸና ስክሪኑ ነጭ ጭጋግ ሆነ። ስንት ቀን የደከምንበት ሁሉ ሄደ። እኔ እንባዬ መጣ። ተነሥቼ አያ ራስጌ ሄጄ ቆምኩ።

"አንቱ ነዎት! አይሆንም አሉኝ! ሁለት ዓይን አላት እኮ፣ ትስቃለች እኮ፣ ከዳችን!"

እናቴ ከጓዳ "አንቺ! አያ ላይ ነው የምትጮኺው?" ስትል ሰማሁ። የአያ ትከሻ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ያመማቸው መሰለኝ። ሲዞሩ አየሁ፤ እየሳቁ ነው። ከሐኪም ቤት ከወጡ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው፤ ፋሻቸው ከጉንጫቸው እስኪላቀቅ።

"እስኪ አሳዪኝ፣ የቷ ናት? ... ኧረ ይቺማ ሠዓሊውንም አታልላዋለች!"

ወንድሜ ጌሙን ከብዙ ቀን በፊት ካስቀመጠበት ቦታ ከፍቶ ወጥ ሠሪዋን አሳያቸው። ከእሷ ቀጥሎ የአለቃው ፊት መጣ። አያ እጃቸውን አነሡ።

"አቁመው።"

አቆመው። አያ በክርናቸው ተመርኩዘው ወደ ቲቪው ተጠጉ፣ ከዚያ በጉልበታቸው፣ እስከ መስታወቱ ድረስ። ብርሃኑ ፋሻቸውን ሰማያዊ አደረገው። ውጪ በረዶ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ነበርና ድምፃቸውን ለመስማት ተጠጋሁ።

"ይሄ ምነው ባንድ ዓይኑ ከፊት?"

"ሌላኛው ጠፍቶበት ነው፣ አያ።"

"ይሄንስ አውቄያለሁ። እኔ የምለው፣ ሠዓሊው ለምን ወደ ጎን አላዞረውም?" ጣታቸውን አለቃው ዓይን ላይ አደረጉ። "ነጥብ ጨምሮለታል። አየሽ? ነጭ ነጥብ፣ እዚች ጋ። ይቺ ነጥብ ናት ዓይንን የምታበራው። እኔ ለኃጥእ ጨምሬለት አላውቅም፤ ጥቁር አድርጌ ነው የምተወው።" ጣታቸውን አነሡ። "ይሄን ሰው የሣለው ሰው ወዶታል።"

"ክፉ ነው እኮ፣ አያ! ደወል ያቀልጣል!"

"ክፉማ ክፉ ነው።"

በማግሥቱ ጠዋት ነጠላውን ከፊታቸው አነሡት። እናቴ የቁርስ ሳህኑን ስታቀርብ ትንሽ ቆም አለች።

ከዚያ በኋላ አያ ተመልካች ሆኑ። ማዕበሉን "እንዲህ ያለውን ጣና ላይ አይቻለሁ፣ ታንኳ ላይ ሆኜ" ይላሉ። ከበሮ መቺውን "ምቱን አያውቅም" ይላሉ። እኔ ስጫወት ግን "የቱን ነው የተጫንሽው?" ይሉኛል፤ የጆይስቲኩ ምልክቶች በጌም ቤት ልጆች ጣት ተፍቀው ጠፍተዋል፣ አራቱም ቁልፍ አንድ ነው። አንድ ቀን "የቀለም ሣጥኔን አምጪልኝ" አሉ። እናቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ለጆይስቲክ መሆኑን ስታይ ግን ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ቀጭኑን ብሩሽ ቀይ ቀለም ውስጥ ነከሩት። የመጀመሪያው ቁልፍ ላይ ሊያሳርፉት ሲሉ ብሩሹ ሳይደርስ አየሩን ቀባ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁን ደግሞ አልፎ ዳሩን መታ፣ ቀዩ ፈሰሰ። ባንድ ዓይን ሲያዩ ቅርቡና ሩቁ ይምታታል፤ እኔ ያንን አላውቅም ነበር፣ ማንም አልነገረኝም። አያ ብሩሹን አስቀመጡት።

"አየሽ? ለዚህ ነው" አሉ። ሳሎኑ ጥግ ወዳለው ሸራ አላዩም። ማየት አላስፈለጋቸውም። ለካ ግድግዳውን ያስያዛቸው ዕፍረት ብቻ አልነበረም። ያን የሚያህል ሥዕል ላይ፣ ሰማዕት ፊት ላይ፣ ብሩሽ እንዲህ ቢስት ማን ይመልሰዋል?

ጆይስቲኩን መልሼ ወደ እጃቸው አስጠጋሁት። "የኔን ጆይስቲክ ያበላሹ፣ አያ" አልኳቸው። "የሰማዕቱን ፊት ከሚያበላሹ፣ የኔን ያበላሹ።"

አያ ቢጫውን ከፈቱ። ቆይተው ትንሿን ጣታቸውን አስቀድመው ጆይስቲኩ ላይ አሳረፏት፤ ከዚያ ብሩሹን ወደ ጣታቸው አወረዱት፣ ዓይነ ስውር ደረጃ በዱላው ነክቶ እንደሚወርድ። ቢጫው ቁልፉ መሃል ላይ ተቀመጠ። ሰማያዊውም፣ አረንጓዴውም። ከዚያ በአኳራጅ ጠረጉትና እንደገና ቀቡት። ጠረጉት፣ ቀቡት። ቀዩን ብቻ አልነኩትም፤ "እሱ ይቀመጥ፣ የሳትኩበትን ልየው" አሉ። ቤቱ በአኳራጅ ታፈነ። እናቴ መስኮት እየከፈተች "አያ፣ አንቱም ከነዚህ ጋር ልጅ ሆኑ!" ትላለች፤ ዓይኗ ግን ይስቃል።

መጫወትም ሞክረዋል። ሁልጊዜ ይሰምጣሉ። ቀዩን ይጫኑ ስንላቸው ይጫኑታል፣ መድፉ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፣ አለቃው ያሰጥማቸዋል። "አይ አንተ ሽፍታ!" ይሉታል፣ እንደ ሰፈር ሰው።

መስከረም ሊጠባ ሲል ሸራው ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። ያን ቀን ቲቪው አልተከፈተም፤ መብራት ነበር፣ ማንም ሊከፍተው አልደፈረም። አያ ትንሿን ጣታቸውን በመጀመሪያው ሰማዕት ጉንጭ ላይ አሳረፉ። እኔ ወጣሁና ደጃፍ ተቀመጥኩ። ስመለስ ከሥዕሉ መሃል አንድ ሰው ያየኝ ነበር። ቄሰ ገበዙ በመጡ ቀን ሁሉም ያዩን ነበር። ቄሰ ገበዙ ሥዕሉ ፊት አማትበው የአያን እጅ ይዘው ቆዩ።

ብዙም ሳይቆይ ጌም ቤቱ ተከፈተ። ወንድሜ ማሽኑን በዚያው ፎጣ ጠቅልሎ መለሰ። ከአለቃው ጋር የመጨረሻውን ውጊያ አልደረስንበትም ነበር። ባለቤቱ ጆይስቲኩን ሲያይ "ይሄንን ማን ደንበኛ ይነካዋል?" ብሎ ለወንድሜ ወረወረለት። እንዲያ ነው እኛ ዘንድ የቀረው።

አሁን ወንድሜ ሌላ ከተማ ይሠራል፤ ሲደውል ድምፁ ሁልጊዜ ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው ድምፅ ነው። አያ አሁንም እኛ ጋ ናቸው። የቀረችው ዓይናቸውም ቀስ በቀስ ደከመች፤ ዛሬ ሰው የሚለዩት በእርምጃው ነው። ብሩሽ ካስቀመጡ ቆይተዋል። ቤታችን እንደ ድሮው ደክሞታል፤ ድካሙን ለምደነዋል መሰለኝ።

ዘንድሮ ንግሡ ዕለት ከእናቴ ጋር ማክሰኝት ወርጄ ነበር። ሰዉ እየገፋ ሲሳለም እኔ ሥዕሉ ሥር ተገትሬ ቀረሁ። ሰማዕታቱን ቀድሜ አውቃቸዋለሁ። ያየሁት ከታች ያሉትን ነው፤ ጦር የነቀነቁትን፣ በጎናቸው የቆሙትን። ሥርዓቱ እንዳለ ነው፣ አንድ አንድ ዓይን ነው ያላቸው። ግን በእያንዳንዱ ጥቁር ዓይን ውስጥ፣ ካልተጠጉ የማትታይ፣ የስንጥር ጫፍ የነካት የምትመስል ነጭ ነጥብ ነበረች።

ጆይስቲኩን ከአልጋ ሥር ካወጣሁ በኋላ ወደ አያ ወሰድኩት። ፀሐይ ደጃፉ ላይ ነበረች፣ እሳቸውም እዚያው። እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አውራ ጣታቸው ወዲያ ወዲህ ብሎ የፈሰሰውን አገኘ።

"ቀዩ።"

"ቀዩ ነው፣ አያ።" ከዚያ፣ ለምን ያን ያህል ጊዜ እንደጠበቅሁ አላውቅም፣ "ነጥቧን አየኋት" አልኳቸው። "ማክሰኝት። ወታደሮቹ ዓይን ውስጥ።"

አንዲት ባጃጅ ጭቃውን እያንቦጫረቀች አለፈች።

"ያ ባለ አንድ ዓይኑስ? አሁንም ባሕር ላይ ነው?" አሉ አያ።

"ባሕር ላይ ነው።"

"ደወሎቹን መለሰ?"

"አልመለሰም፣ አያ። አልጨረስነውም እኮ።"

"አይ ሽፍታ" አሉ፣ ቀስ ብለው። ራሳቸውን ወደ ግድግዳው አስደገፉ። "ተይው ዛሬ። እሱም ደክሞታል፣ ይረፍ።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አውራ ጣታቸው ግን ቀዩ ላይ እንዳለ ነበር።